ከቆራሌው ጆንያ እስከ ድምፅ ማጉያው፦ የድሮ ሳውንድ ካርድ አፈላለግና አጠጋገን በአዲስ አበባ ዙሪያ

ከአስኮ አልፎ ቡራዩ፣ ከአያት አልፎ ለገጣፎ፣ ከጀሞ አልፎ ፉሪና ዓለም ገና፣ ከቃሊቲ አልፎ ገላንና ዱከም፤ በእነዚህ መውጫዎች ላይ በቆርቆሮ የታጠሩ የቁርጥራጭ ብረት ግቢዎች አሉ። ቆራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው አሮጌ ኮምፒውተር መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። እዚያው ይፈታል፤ ሳጥኑ ለብረት ማቅለጫ፣ ሽቦው ለመዳብ፣ ቦርዱ በኪሎ ለሌላ ነጋዴ ይሄዳል። መርካቶ ምናለሽ ተራ እስኪደርስ ድረስ ሳውንድ ካርዱ (ኮምፒውተሩ ድምፅ የሚያወጣበት ቦርድ) ከስሎቱ (ከሚሰካበት ረጅም ሶኬት) በጉልበት ተነቅሎ፣ ጃኩ ተሰብሮ፣ የጀርባ ብረቱ ተጣሞ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ፍለጋው መጀመር ያለበት ሳጥኑ ሳይፈታ ነው። ሙሉ ሳጥን ሲገኝ ካርዱ በጤናው ይገኛል፤ አብሮትም መሞከሪያ ማዘርቦርድ፣ ራም፣ የሲዲ ድምፅ ኬብል፣ አንዳንዴም ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) ያለበት ሃርድ ዲስክ ይመጣል። ለድሮ ሳውንድ ካርድ እነዚህ ነገሮች ከካርዱ እኩል ብርቅ ናቸው።

የት እና መቼ

ቆራሌዎች ቀኑን ሲዞሩ ውለው ዕቃቸውን ወደ ግቢው የሚያስገቡት አመሻሹ ላይ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ መሄድ ያልተፈታ ዕቃ ለማግኘት ይረዳል። ጠዋት ከሄዳችሁ የምታገኙት የትናንቱን ፍርስራሽ ነው። በክረምት ቦርዱ ሜዳ ላይ ዝናብ ስለሚመታው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚገኘው አብዛኛው ዕቃ እርጥብ ነው። ይህ ብቻውን ካርዱን አይገድለውም፤ ነገር ግን ሳይደርቅ መብራት ላይ መሰካት የለበትም።

ከግቢው ባለቤት ጋር መስማማት ከብዙ ዙረት ይሻላል። «ወንድሜ፣ ነጭ ወይም ቢጫ ያለ አሮጌ ኮምፒውተር ሳይፈታ ከመጣ ደውልልኝ፤ እንዳለ እወስደዋለሁ» ማለት በቂ ነው። በዕድሜ የገፉ ከሆኑ «ጋሼ» ብሎ መጀመር ተገቢ ነው። ዋጋውንም በሳጥን ተስማሙ። ካርዱን ብቻ ነጥላችሁ ከጠየቃችሁ ሻጩ ወርቅ ያለበት ይመስለውና ዋጋው ይሰቀላል። በሌላ በኩል በኪሎ ከሚያገኘው ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ብትከፍሉት በሚቀጥለው ጊዜ መዶሻውን ከማንሳቱ በፊት ስልኩን ያነሳል።

ሁለተኛው ምንጭ የመሥሪያ ቤቶችና የትምህርት ቤቶች ንብረት ማስወገጃ ጨረታ ነው። ማስታወቂያው በአዲስ ዘመንና በሪፖርተር ጋዜጣ ይወጣል። ዕቃው ባለበት ሁኔታ በጅምላ ስለሚሸጥና ማስያዣ ሲፒኦ ስለሚጠይቅ ለአንድ ሰው አይመችም። የሚሻለው ጨረታውን ያሸነፈውን ነጋዴ ማግኘትና ሳይፈታ ለይታችሁ እንድትገዙት መጠየቅ ነው። ከዚያ ውጭ የቆዩ ጽሕፈትና ኮፒ ቤቶች፣ የተዘጉ ኢንተርኔት ካፌዎች፣ የድሮ ካሴት መቅጃ ቤቶች ጓዳቸው ውስጥ የሚያስቀምጡት ይኖራል። በቴሌግራምና በጂጂ የሚለጠፉ ማስታወቂያዎች ላይ ሻጩ ብዙ ጊዜ «አሮጌ ፔንቲየም» ብቻ ብሎ ስለሚጽፍ የሳጥኑን ጀርባ ፎቶ እንዲልክ ጠይቁ። የፊቱ ፎቶ ምንም አይነግራችሁም።

ሳጥኑን ሳትከፍቱ ማወቅ

ጀርባውን እዩ። ባለ 15 ቀዳዳ የጆይስቲክ ሶኬት ከሦስት ወይም ከአራት ክብ ጃኮች ጋር በአንድ ቀጭን ብረት ላይ ተደርድረው ከታዩ ሳውንድ ካርድ ነው። በማዘርቦርዱ ላይ የተሠራ ድምፅ ከሆነ ግን ጃኮቹ ከኪቦርድና ከፕሪንተር ሶኬቶች ጋር በአንድ ሳህን ላይ ይሆናሉ። ቀጥሎ የጃኮቹን ቀለም እዩ። አረንጓዴ፣ ሮዝና ውኃ ሰማያዊ የተለመዱት ከ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በኋላ ስለሆነ ቀለም የሌላቸው ጥቁር ወይም ብረታማ ጃኮች፣ አጠገባቸው በብረቱ ላይ የተቀረጸ ምልክት ካላቸው፣ ካርዱ የቀደመው ትውልድ መሆኑን ያመለክታሉ። በእጅ የሚዞር ትንሽ የድምፅ መጠን ጎማ ከጀርባው ብቅ ካለ ደግሞ አይኤስኤ (የቆየው የስሎት ዓይነት) ካርድ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው።

ከተከፈተ በኋላ መለየት ቀላል ነው። አይኤስኤ ስሎት ጥቁርና ረጅም ሲሆን በሁለት የተከፈለ ነው፤ ከሱ በኋላ የመጣው ፒሲአይ ነጭና አጭር ነው፤ የግራፊክስ ካርድ የሚሰካበት ኤጂፒ ብዙውን ጊዜ ቡናማ ነው። የአይኤስኤና የፒሲአይ ካርዶች ቺፕ የሚገኝበት ጎንም ተቃራኒ ነው። አይኤስኤ ስሎት ያላቸውን ማዘርቦርዶች አትጣሉ። ኢንቴል 440ቢኤክስ ቺፕሴት ያለው የፔንቲየም 2 ወይም 3 ቦርድ (ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣ) ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት አይኤስኤ ስሎት ስለሚኖረው ለመሞከሪያም ለዘለቄታም ከሁሉ የሚመረጥ ነው።

ካርዱን ከቺፑ ላይ ማንበብ

በካርድ ላይ የተጻፈው የነጋዴ ስም ብዙም አይጠቅምም። ዋጋ ያለው ቺፑ ላይ የተጻፈው ነው። በጥርስ ብሩሽ አቧራውን አንሱና የስልክ መብራት ከጎን እያበራችሁ አንብቡ፤ ብርሃኑ ከላይ ሲመጣ ጽሑፉ ይጠፋል።

ለድሮ ጌሞች ሙዚቃ ወሳኙ የሙዚቃውን ድምፅ ራሱ የሚያመነጨው የያማሃ ኤፍ ኤም ቺፕ ነው። አድሊብ የተባለው ኩባንያ በ1987 እ.ኤ.አ. ያወጣው ካርድ የተሠራው በዋይኤም 3812 ነበር፤ ይህ ኦፒኤል2 የሚባለው፣ ባለ 9 ድምፅ ሞኖ ቺፕ ነው። ቀጥሎ የመጣው ዋይኤምኤፍ 262 ኦፒኤል3 ሲሆን ስቴሪዮ ነው። ክሪኤቲቭ የተባለው ኩባንያ ሳውንድ ብላስተርን በ1989፣ ሳውንድ ብላስተር 16ን በ1992፣ ኤደብልዩኢ32ን በ1994 እ.ኤ.አ. አወጣ። በክሪኤቲቭ ካርዶች ላይ ኦፒኤል3 ለብቻው ላይታይ ይችላል፤ ሲቲ 1747 የሚል ትልቅ ቺፕ ካለ እውነተኛው ኦፒኤል3 እሱ ውስጥ ነው። በኋላ ርካሽ ለማድረግ በክሪኤቲቭ የራሱ ማስመሰያ ተተካ፤ የቪብራ ካርዶች ብዙዎቹና ኤደብልዩኢ64 ይህን ነው የያዙት። ድምፁ ብረት ብረት ይላል። ለሙዚቃ የምትፈልጉት ከሆነ የቆየውን ምረጡ።

ሳውንድ ብላስተር 16 ላይ ሲቲ 1741 የሚለውን ቺፕ ፈልጉና አጠገቡ ወይም ላዩ ላይ ያለውን የቨርዥን ቁጥር አንብቡ። 4.05 ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ከ4.11 እስከ 4.13 ያሉት ከዌቭቴብል ተቀጽላ (በተቀዱ የመሣሪያ ድምፆች ሙዚቃ የሚጫወት ተጨማሪ ቦርድ) ጋር ሲሠሩ የታወቀ ችግር አለባቸው። ዲጂታል ድምፅና ሚዲ (ለሙዚቃው የሚላክ የኖታ ትእዛዝ) አንድ ላይ ሲላኩ አንዳንድ ኖታ ማለቂያ ሳይላክለት ይቀራል፤ ድምፁም ተንጠልጥሎ ይጮኻል። ይህ በጥገና አይድንም፤ ቺፑ ውስጥ ያለ ነው። ተቀጽላ የማትጨምሩ ከሆነ ግን አያሳስባችሁም።

በአንጻሩ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው ሁለት ካርዶች አሉ፦ ኢኤስኤስ 1868 ቺፕ ያለውና ያማሃ ዋይኤምኤፍ 719 ቺፕ ያለው። ሁለቱም ትንንሽ፣ ስም የለሽ ቦርዶች ላይ ይመጣሉ። 719 እውነተኛ ኦፒኤል3 በውስጡ ይዟል። 1868 የራሱ ኢኤስኤፍኤም የሚባል ለኦፒኤል3 በጣም የቀረበ ሙዚቃ አለው። ሁለቱም ከሳውንድ ብላስተር ፕሮ (ከሳውንድ ብላስተር 16 የቀደመው የክሪኤቲቭ ካርድ) ጋር በደንብ ይስማማሉ፤ ጫጫታቸው ከብዙ ሳውንድ ብላስተር 16 ያነሰ ነው። ለመጀመሪያ ካርድ የምንመክረው ከእነዚህ አንዱን ነው። ክሪስታል ሲኤስ 4236 ያለው የጠራ ድምፅ ቢኖረውም በዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው የኮምፒውተር ሥርዓት) ጌም ላይ ያን ያህል አይስማማም። ኦፕቲ 931 ያለውን ሌላ ካጣችሁ ብቻ ውሰዱ።

ከፒሲአይ ካርዶች ሳውንድ ብላስተር ላይቭ (1998 እ.ኤ.አ.፣ ኢኤምዩ10ኬ1 ቺፕ) ለዊንዶውስ 98 ግሩም ነው፤ ለንጹሕ ዶስ ግን አይሆንም። ያማሃ 724 እና 744 በውስጣቸው እውነተኛ ኦፒኤል3 ስላላቸው አይኤስኤ ለሌለው ቦርድ የተሻለ ምርጫ ናቸው።

አንድ ጥንቃቄ፦ የ1990ዎቹ መጀመሪያ ካርዶች ላይ ባለ 40 እግር የሲዲ ሶኬት ይታያል። አይዲኢ (የድሮ ሃርድ ዲስክ የሚሰካበት ሶኬት) ይመስላል እንጂ ሁሉም አይዲኢ አይደለም። የፓናሶኒክ ሶኬት 40 እግር ኖሮት ሌላ ቋንቋ ነው የሚናገረው። ሃርድ ዲስክ አትሰኩበት።

መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩ

ካርዱን ከመሞከር በፊት የሚያበላው ነገር ይመርመር። ከአሜሪካ የመጣ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላዩ ጀርባ 115 እና 230 የሚል ቀይ መምረጫ አለው። ስፒናውን ከመሰካታችሁ በፊት 230 ላይ መሆኑን እዩ። ውስጡ ያሉት ሁለት ትልልቅ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ በርሜል መሰል ክፍሎች) ብዙውን ጊዜ ለ200 ቮልት የተሠሩ ናቸው። መምረጫው 115 ላይ እያለ የእኛ 220 ቮልት ሲገባ እያንዳንዳቸው ከ300 ቮልት በላይ ስለሚደርሳቸው በፍንዳታ ይሄዳሉ። ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ ስፒናው ቢነቀልም ውስጡ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል፤ ሳጥኑን አትክፈቱት።

ፓወር ሰፕላዩ ኤቲኤክስ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ከሆነ አንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ለጭነት አገናኙ፣ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁር ጋር በአጭር ሽቦ አያይዙ፣ አብሩና በቴስተር ለኩ። ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25፣ ቢጫው ከ11.4 እስከ 12.6፣ ሰማያዊው ከ10.8 እስከ 13.2 ቮልት በአሉታዊ መሆን አለበት። ሰማያዊውን አትዝለሉት፤ የብዙ ሳውንድ ካርዶች ኦፕአምፕ (ድምፁን የሚያጎላ ትንሽ ቺፕ) የሚመገበው ከሱ ነው። ነጩ 5 ቮልት አሉታዊ ሲሆን በአዳዲስ ፓወር ሰፕላዮች ላይ ጨርሶ የለም። ካርዳችሁ ይፈልገው እንደሆነ ለማወቅ በአይኤስኤ ጠርዙ ላይ፣ ቺፕ በሌለበት ጎን፣ ከጀርባ ብረቱ ጀምራችሁ አምስተኛውን እግር እዩ። ከእሱ የሚወጣ መስመር ከሌለ አያስፈልገውም። ብዙዎቹ አያስፈልጋቸውም።

የቆየው ኤቲ ፓወር ሰፕላይ ሁለት መሰኪያ አለው። ወደ ማዘርቦርዱ ሲገቡ የሁለቱም ጥቁር ሽቦዎች መሃል ላይ ጎን ለጎን መሆን አለባቸው። ከተገላበጡ ቦርዱ ይቃጠላል። የፊት ማብሪያውም በቀጥታ 220 ቮልት ተሸካሚ ነው፤ ተላጦ የቆየ ሽቦ ካለ በቴፕ ሸፍኑት።

ቡራዩም ሆነ ለገጣፎ መብራት ሲመጣና ሲሄድ ቮልቴጁ ይዘላል። ስታብላይዘር ወይም ዩፒኤስ ከሌለ መብራት በጠፋ ቁጥር ማብሪያውን አጥፉና ከተመለሰ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ አብሩ።

ማጽዳት

ደረቅ አቧራውን በሰፊ የቀለም ብሩሽ አንሱ። ጭቃ የደረቀበት ከሆነ መታጠብ ይችላል። ለብ ባለ ውኃ ላይ ሁለት ጠብታ የዕቃ ሳሙና አድርጋችሁ በለስላሳ ጥርስ ብሩሽ እሹት፣ በብዙ ውኃ አለቅልቁ፣ መጨረሻ ላይ በዲስቲልድ ውኃ አፍሱበት። ዲስቲልድ ውኃ ነዳጅ ማደያዎች ለመኪና ባትሪ የሚሸጡት ነው። ከጎኑ የሚደረደረውን የባትሪ አሲድ እንዳታነሱ ጽሑፉን አንብቡ። ከዚያ ነፋስ ባለበት ጥላ ቢያንስ 48 ሰዓት ይድረቅ፤ በክረምት ከሆነ እጥፍ ጊዜ ስጡት። ውኃ ከቺፕ ሥርና ከጃክ ውስጥ ቶሎ አይወጣም።

የወርቅ ጠርዙን በነጭ የእርሳስ ላጲስ በቀስታ፣ ከላይ ወደ ታች ብቻ እሹ። አሸዋ ያለበትን የእስክሪብቶ ላጲስ አትጠቀሙ፤ ወርቁን ይፍቃል። ከዚያ በአልኮል በራሰ ጨርቅ ጥረጉ። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል 30 በመቶ ያህሉ ውኃ ስለሆነ ለመድረቅ ጊዜ ይፈልጋል። የእጅ ሳኒታይዘር ጄል ግን ቅባት ስለሚተው አይሆንም።

ማዘርቦርዱ 386 ወይም 486 ከሆነ ከኪቦርድ ሶኬቱ አጠገብ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ በርሜል መሰል ባትሪ ፈልጉ። 3.6 ቮልት ኒኬል ካድሚየም ነው፤ አርጅቶ ያፈሳል፣ መስመሮቹንም ይበላል። ባይፈስም ቁረጡት። የፈሰሰው አልካላይን ስለሆነ በጥጥ አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ ንኩት፣ አረፋው ሲያቆም በውኃ፣ ቀጥሎ በአልኮል አጽዱ።

ከመሰካት በፊት መለካት

ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጉ። ቺፕ በሌለበት ጎን ከጀርባ ብረቱ ጀምሮ ሲቆጠር 1ኛው እግር መሬት፣ 3ኛው 5 ቮልት፣ 7ኛው 12 ቮልት አሉታዊ፣ 9ኛው 12 ቮልት ነው። ከመሬት ወደ እያንዳንዳቸው ለኩ። ከ10 ኦም በታች ከታየ አንድ ነገር ሾርት ሆኗል። ከሰካችሁት ኮምፒውተሩ አይነሳም፣ አለዚያም ጢስ ታያላችሁ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ትንሿ ታንታለም ካፓሲተር ናት። አንዱን እግሯን አንስታችሁ ድጋሚ ለኩ፤ ሾርቱ ከጠፋ አግኝታችሁታል። ታንታለም ላይ ያለው ሰረዝ አዎንታዊውን እንደሚያሳይ አትርሱ። በተራው ኤሌክትሮሊቲክ ላይ ሰረዙ አሉታዊው ነው። ይህን ያምታታ ሰው አዲሷን ካፓሲተር ያፈነዳታል።

ሾርት ከሌለ ካርዱን በጠፋ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ አብሩ። ካርዱ ሙሉ በሙሉ መቀመጡን ከጎን አጎንብሳችሁ እዩ። የጀርባ ብረቱ ሲጣመም ብሎኑን ማጥበቅ የካርዱን የኋላ ጫፍ ከስሎቱ ያነሳዋል፤ ስክሪኑም ጥቁር ይሆናል። ካርዱ ሞተ ከማለታችሁ በፊት ብረቱን በፒንሳ አቅኑ።

ቀጥሎ ሬጉሌተሩን (12 ቮልቱን ወደ 5 የሚያወርደውን ክፍል) ለኩ። 7805 ባለ ሦስት እግር፣ ጽሑፉ ወደ እናንተ ሲዞር ከግራ መግቢያ፣ መሬት፣ መውጫ ነው፤ መውጫው 5 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት። ትንሹ 78ኤል05 ግን በተቃራኒው ነው፤ ጠፍጣፋ ፊቱ ወደ እናንተ ሲሆን ከግራ መውጫ፣ መሬት፣ መግቢያ። መግቢያው 12 ሆኖ መውጫው 2 ወይም 3 ቮልት ከሆነ ሬጉሌተሩ ሞቷል ወይም ከሱ በኋላ ያለ ነገር እየጎተተው ነው።

ካፓሲተር መቀየር

ሁሉንም ለመቀየር አትቸኩሉ። ላዩ ያበጠ፣ ሥሩ ያላበው፣ እግሩ አረንጓዴ የሆነ፣ ወይም የአንድ ወገን ድምፅ የደከመበት መስመር ላይ ያለ ይቀየር። በተለመደ አይኤስኤ ካርድ ላይ የሚያጋጥማችሁ 10 ማይክሮፋራድ 16 ቮልት (ብዙ፣ በቺፖች መካከል)፣ 100 ማይክሮፋራድ 16 ቮልት (ለኃይል) እና ሁለት 220 ወይም 470 ማይክሮፋራድ 16 ቮልት (ከአምፕሊፋየሩ ወደ ጃክ) ናቸው። ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ትርፍ ግዙ። ማይክሮፋራዱ እኩል ይሁን፤ ቮልቱ ከፍ ቢል ችግር የለም፣ ዝቅ ማለት ግን የለበትም። 105 ዲግሪ የሚለውን ምረጡ። ከሌላ አሮጌ ቦርድ የተነቀለ ካፓሲተር አትትከሉ፤ የሱም ዕድሜ ያው ነው።

ከመንቀላችሁ በፊት ሁለቱንም ጎን ፎቶ አንሱ። በቦርዱ ላይ በነጭ የተቀባው ግማሽ ክብ በአብዛኛው አሉታዊውን ያሳያል፤ በተቃራኒው ያደረጉ አምራቾችም ስላሉ የምታምኑት ፎቶውን ነው። የብየዳ ካውያው ከ330 እስከ 350 ዲግሪ ይበቃዋል። መሬት ላይ የታሰረው እግር ሙቀቱን ስለሚበላ እሱ ላይ 370 ያስፈልግ ይሆናል። የዚያ ዘመን ሊድ (የብየዳ ሽቦ) እርሳስ ያለበት ነው፤ 60/40 ሊድ ተጠቀሙ። መጀመሪያ ትንሽ ፓስታ (የብየዳ ቅባት) እና አዲስ ሊድ ጨምሩበት፣ ሁለቱን እግሮች በየተራ እያሞቃችሁ ካፓሲተሩን ወዲህና ወዲያ እያዘነበላችሁ አውጡ። በፒንሳ ከጎተታችሁት በቀዳዳው ውስጥ ያለው የመዳብ ቱቦ አብሮ ይወጣል፤ ያኔ ጥገናው በሽቦ ቅጣይ ይሆናል። በአንድ እግር ላይ ከ3 ሰከንድ በላይ አትቆዩ። ሲጨርሱ እጅን በሳሙና መታጠብ ግድ ነው፤ ምግብ የሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይም አይሠራ።

ጫጫታውን መቀነስ

የድሮ ካርድ ሹክሹክታ አብዛኛው የሚመጣው ከትንሹ አምፕሊፋየር ነው። ቲኢኤ 2025ቢ የሚል ባለ 16 እግር ቺፕ ከጃኮቹ አጠገብ ታገኛላችሁ። የተሠራው ባትሪ የሌላቸውን ትንንሽ ስፒከሮች ለመንዳት ነው። ዛሬ አብዛኛው የኮምፒውተር ስፒከር የራሱ አምፕሊፋየር ስላለው አያስፈልግም። በአምፕሊፋየሩና በጃኩ መካከል ሁለት ጃምፐሮች (ሁለት እግሮችን የሚያገናኙ ትንንሽ ክዳኖች) ካሉ፣ አንዱ ለግራ አንዱ ለቀኝ፣ ሁለቱንም አብራችሁ ወደ ላይን አውት (በአምፕሊፋየሩ የማያልፍ መውጫ) ቦታ አዙሩ። ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል። ካርድን ከማሻሻል ሥራ ሁሉ በትንሽ ድካም ብዙ የሚሰጠው ይህ ነው።

ከዚያ በሚክሰሩ (የድምፅ መጠን ማስተካከያው ፕሮግራም) ላይ ማይክ፣ ላይን ኢን፣ ሲዲና ፒሲ ስፒከር ዜሮ ይሁኑ። ማውስ ሲንቀሳቀስ የሚያፏጭ ከሆነ ካርዱን ከግራፊክስ ካርዱ ወደራቀው ስሎት አዛውሩ። ያልተቋረጠ ዝቅ ያለ እምምታ ከሆነ ደግሞ የ50 ኸርዝ የመሬት ችግር ነው። ኮምፒውተሩንና ስፒከሩን በአንድ ዲቫይደር ላይ ሰኩ። በብዙ የዳር ሰፈር ቤቶች ሶኬቱ ሦስተኛ ቀዳዳ ቢኖረውም መሬቱ አልታሰረም፤ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ያሳየው።

ኦፕአምፕ መቀየር ብዙ ሰው የሚጓጓለት ነው። 4558 ን በኤንኢ 5532 መተካት የሚቻለው በእግር 4 እና 8 መካከል 10 ቮልትና ከዚያ በላይ ሲኖር ነው። በ5 ቮልት ብቻ የሚሠራ ካርድ ላይ ድምፁን ያበላሸዋል። በመጨረሻ የሚሠራ እንጂ በመጀመሪያ የሚሠራ አይደለም።

ራም እና ዌቭቴብል መጨመር

ኤደብልዩኢ32 ላይ ሁለት ባለ 30 እግር የራም ሶኬት አለ። ካርዱ ከራሱ 512 ኪሎባይት ይዞ ይመጣል። እንዲህ ያለ ራም ዛሬ ሱቅ አይሸጥም። የምታገኙት ከሞቱ 386 ቦርዶች ላይ ነው፤ ስለዚህ ግቢው ውስጥ የተሰባበረ 386 ቦርድ ስታዩ ራሙን ብቻ ለዩ። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። ባለ 1 ሜጋባይት ሁለት 2፣ ባለ 4 ሁለት 8 ይሰጣል። ባለ 16 ሁለት 32 ቢሆንም ካርዱ የሚጠቀመው 28 ነው። አጋድማችሁ አስገቡና ወደ ላይ አቁሙት፤ ማያዣው ካረጀ ይሰበራል፣ አታስገድዱት። ከዚያ የራም ጃምፐሩን ከውስጥ ወደ ተጨማሪው ማዛወር ያስፈልጋል። ይህን የረሳ ሰው ካርዱ አሁንም 512 ኪሎባይት ሲያሳየው ራሙ የሞተ ይመስለዋል። ኤደብልዩኢ64 ይህን ራም አይቀበልም፤ የራሱ የተለየ ሞዱል አለው።

ባለ 26 እግር፣ በ13 በ2 የተደረደረ ሶኬት ያለው ካርድ ዌቭቴብል ተቀጽላ ይቀበላል። የያማሃ ዲቢ50ኤክስጂ ብርቅ ነው። አዲስ የሚሠራው ድሪምብላስተር ከውጭ ሊመጣ ይችላል። ተቀጽላውን ስትሰኩ አንድ ረድፍ እንዳይዛነፍ ከሁለቱም ጫፍ እዩ። በዚያ ሶኬት 12 ቮልት በአዎንታዊም በአሉታዊም ያልፋል፤ የተዛነፈ ተቀጽላ አይተርፍም።

ማስተካከያው

ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ በፒኤንፒ (ካርዶችን በራሱ የሚያደላድለው) ክፍል አይአርኪው (ካርዱ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት መስመር) 5ን፣ ዲኤምኤ (ድምፁ ከራም የሚመጣበት መስመር) 1ን እና 5ን ለቆየ አይኤስኤ አስይዙ። ካርዱን አድራሻ 220፣ አይአርኪው 5፣ ዲኤምኤ 1፣ ሳውንድ ብላስተር 16 ወይም ኤደብልዩኢ ከሆነ ከፍተኛ ዲኤምኤ 5፣ ሚዲ 330 ላይ አድርጉ። ኤፍ ኤም ሁልጊዜ 388 ነው። አይአርኪው 7ን ተዉት፤ የፕሪንተር ፖርት የሚጠቀመው እሱን ነው። ጃምፐር ያለው ካርድ በጃምፐር ይስተካከላል። ጃምፐር የሌለው ፒኤንፒ ካርድ በዶስ ዩኒሳውንድ በሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ይነቃል፤ ብዙ ዓይነት ቺፖችን ስለሚያውቅ የየካርዱን ዲስኬት ፍለጋ ያስቀራል። ዶስ ሲነሳ በሚያነበው አውቶኤግዜክ ፋይል ውስጥ የካርዱ ዓይነት በሚጻፍበት የብላስተር መስመር ላይ የቲ ቁጥር ለሳውንድ ብላስተር 16ና ለኤደብልዩኢ 6፣ ለኢኤስኤስ 1868ና ለያማሃ 719 ደግሞ 4 ይሁን። 1868 ላይ 6 ከጻፋችሁ ጌሙ ባለ 16 ቢት ድምፅ ይጠይቀውና ዝም ይላል።

ሲያስቸግር

የድምፁ መጀመሪያ ደጋግሞ እንደተሰነጠቀ ሸክላ የሚል ከሆነ አይአርኪው ተሳስቷል። ፈጽሞ ዝም ካለ ወይም ኮምፒውተሩ ከደረቀ ዲኤምኤውን እዩ። ንግግሩ እየተሰማ ሙዚቃው ከጠፋ ጌሙ ካርዱን በአድሊብ አድራሻ አላገኘውም፤ ወይም ከዋይኤምኤፍ 262 ቀጥሎ ያለው ዋይኤሲ 512 የሚባለው ትንሽ ቺፕ ኃይል አላገኘም፤ 5 ቮልቱን እሱ ላይ ለኩ። ግራ ወይም ቀኝ ብቻ ሲደክም ካፓሲተር ከመቀየራችሁ በፊት መሰኪያውን ጃኩ ውስጥ ሃያ ጊዜ አስገቡና አውጡ፣ የድምፅ ጎማውንም ከጫፍ እስከ ጫፍ ደጋግማችሁ አዙሩ። ዝገቱ ሲለቅ ድምፁ ይመለሳል። ድምፁ ለጥቂት ደቂቃ ጠርቶ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ የተሰነጠቀ ሊድ ነው፤ የጃኮቹን እግሮች አንድ በአንድ በፓስታና በአዲስ ሊድ ንኩ።

የሠራውን ካርድ ሳትጠቀሙበት የምታስቀምጡ ከሆነ በተራ ፌስታል አትጠቅልሉት። ራም ወይም ሃርድ ዲስክ የተሸጠበት ግራጫ ከረጢት ከሌለ በጋዜጣና በካርቶን ጠቅልላችሁ፣ የቺፑን ቁጥር፣ የጃምፐሮቹን አቀማመጥና የተቀየረውን ካፓሲተር በወረቀት ጽፋችሁ ከውስጥ ጨምሩ። ከመሬት ከፍ ያለ ደረቅ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። ቆርቆሮ ጣራ ሥር ከሆነ ግን ላዩ ሌላ ካርቶን ይደረብበት፤ ሌሊት ከጣራው የሚንጠባጠበው ጤዛ ከዝናቡ ባላነሰ ያዝገዋል።